የሌለኝ ወንድም ታሞብኝ

ስለ ዝግታ የሰለጠንኩት በጥድፊያ ነው። ሦስት ቀን ይፈጃል ተብሎ አዳማ ተጠራን። አሰልጣኙ ግን በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ አውሮፕላን ስለነበረበት የመጨረሻዎቹን ርዕሶች ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ፣ እሱም ቆሞ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ አነበበልን። ከዚያ ሁሉ ንባብ የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት፦ ቱሪስት ካፊያ እንጂ ጎርፍ አይሁን። ጎርፍ የሚባለው በመኪና ሸምጥጦ መጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ የውሃ ፕላስቲኩን ጥሎልን የሚሄደው ነው። ካፊያው ደግሞ እያረፈ፣ ከሰው ጋር እየተቀመጠ፣ ያገሩን ምግብ እየበላ፣ አገሩንም ሳይጎዳ ቀስ ብሎ የሚያልፈው። «ዝግ ያለ ጉዞ» ይሉታል። እኔ በምኖርበት ሰመራ ካፊያ ከታየ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም ነገሩ ገብቶኛል።

ሰመራ የገባሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነው። ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። የቱሪዝም ሠራተኛ ነኝ፤ ይህም ማለት ሌሎች ሰዎች ስለሚሄዱበት ቦታ ቢሮ ተቀምጬ እጽፋለሁ ማለት ነው። ከስልጠናው ስመለስ አለቃዬ ጠራኝና ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለውን መንገድ በዝግታ ሄጄ ለእንግዶች መምሪያ እንድጽፍ አዘዘኝ። አሥር ቀን ሰጠኝ። አውቶቡስ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ ነው እንግዲህ።

«ለምን እኔ?» አልኩት።

«ሌሎቹ እኮ ባለትዳር ናቸው» አለኝ ወረቀቱን እየፈረመ። «አንተን የሚጠብቅህ የለም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ለሥራው የሚስማማውን ሰው ነው የመረጠው። እኔ ግን ቃሏ እስከ ቤቴ ተከትላኝ መጣች፤ እውነት ለመናገር አመመችኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ስልኬ ላይ የሚመጣው ሁሉ ሒሳብ ሙላ የሚል መልእክት ነው። ጎረቤቶቼን በስም አላውቃቸውም። ጠዋት ስወጣ እጄን አነሳለሁ፣ እነሱም እጃቸውን ያነሳሉ፤ ማታ ስገባ እንደዚሁ። በዘጠኝ ዓመት ያነሳሁትን እጅ ደምሬ ባየው የአንድ ትራፊክ ፖሊስ የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆናል።

ለማንኛውም ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፣ ቤቴን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን የምሰጠው ሰው ስላልነበረ ኪሴ ከተትኩት፤ ጉዞውን ከዚያ ለመጀመር በአውቶቡስ ወደ አዋሽ ወረድኩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ተረቱ። ተረቱ ያልነገረን እንቁላሉ በዚህ ፀሐይ ከሄደ ተቀቅሎ እንደሚደርስ ነው።

አዋሽ ላይ የመጀመሪያ ሥራዬ አሮጌውን የባቡር ጣቢያ ማየት ነበር። እዚያ ጥላ ስር አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ አገኘሁ፤ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ጣቢያው ውስጥ ተወልደው፣ ጣቢያው ውስጥ አርጅተው፣ ባቡሩ ቢቆምም እሳቸው አልቆሙም፣ በየቀኑ እየመጡ ሐዲዱን አይተው ይመለሳሉ። ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«በዝግታ ልሄድ ነው፣ ጋሼ።»

«ወዴት?»

«ሰመራ። ግን ዋናው መድረሱ አይደለም፣ መንገዱ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «እኛ ይኸንኑ ሥራ በባቡር ስንሠራው ያልሰደበን መንገደኛ አልነበረም። ድሬዳዋ እስክንገባ ሰዉ ተዋውቆ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ አንዳንዱም የአጠገቡን ሰው ልጅ ለልጁ ጠይቆ ይወርድ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ቱሪዝም ኖሯል! ለምን ቶሎ አትነግሩንም?» ስቀው ስቀው ሲጨርሱ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። «ጓደኞችህ የት አሉ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው አይሆንልህም ልጄ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ምን ያዘገየዋል?»

ይህንን ማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩትም። መጻፍ ነበረብኝ።

ከአዋሽ ወጥቼ ጥቂት በእግሬ፣ ጥቂት በፒካፕ ጀርባ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ግመሎቹን የሚነዳ አንድ አፋር አገኘሁና ዳጉ ተቀመጥን። ዳጉን ለማያውቅ ልንገር፦ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ በዓይንህ ነው ወይስ ሰው ነግሮህ። ከዚያ ተራው ይለዋወጣል። የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የታመመው፣ የሞተው፣ የተወለደው ወሬ በዚህ መንገድ ከሰው ወደ ሰው አገሩን ያዳርሳል። በዳጉ መዋሸት ነውር ብቻ አይደለም፤ በወሬው አምኖ መንገድ የሚጀምር፣ ከብቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው አለ። ይህንን አውቅ ነበር። ስለ ዳጉ ቢሮ ተቀምጬ ሁለት ገጽ የጻፍኩ ሰው ነኝ።

«ጉዳይህ ምንድን ነው?» አለኝ ባለግመሉ።

«ምንም ጉዳይ የለኝም። ዝም ብዬ ነው የምሄደው።»

«ግመል ጠፍቶብህ ነው?»

«ግመል የለኝም።»

«የሚያሳድድህ ሰው አለ?»

«ማንም አያሳድደኝም።» ይህንን ስናገር ትንሽ ከፋኝ።

ሰውዬው ከግመሉ ላይ ኮዳውን ፈታ። ከዚያ ውሃውን ሰጠኝ፣ ጥላ ያለበትን አቅጣጫ በእጁ አሳየኝ፣ ግመሎቹንም ነድቶ ሄደ። ወሬው ግን እኔን ቀድሞኝ ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ልበላ በቆምኩበት ሁሉ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀቁ ያናግሩኝ ጀመር። አንዲት ሴትዮ ዳቦዬን ቆርሳ አጎረሰችኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ «አእምሮውን የሳተ ምስኪን በመንገዱ እየመጣ ነው፣ ጉዳት የለውም» ተብሎ ተነግሮልኛል። ዳጉው አልተሳሳተም፣ ያየውን ነው ያወራው።

ገዋኔ ስደርስ ታዲያ ወስኜ ነበር። ከእንግዲህ ምስኪን ተብዬ አልጎርስም፤ ጉዳይ ያለው ሰው እሆናለሁ።

ገዋኔ ላይ ዘሀራ የምትባል የወሎ ሴት ሻይ ቤት አላት። ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። አጠገቤ ሙሳ የሚባል አፋር ሽማግሌ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሰላምታውን ጨርሰን ጥያቄው መጣ፦ ጉዳይህ ምንድን ነው?

«ወንድሜ ታሞብኝ ነው፣ አባቴ» አልኩ። «ሰመራ ተኝቷል።»

«አይተኸዋል ወይስ ተነግሮህ ነው?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ። እዚያው ቱሪዝም ቢሮ ነው የምሠራው፤ እኔው ቤት ነው የተኛው።»

«ስሙ ማነው?»

«ደስታ።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ወንድም ቢኖረኝ ብዬ ያወጣሁለት ስም ሳይሆን አይቀርም።

«ሐኪም ቤት ለምን አልተኛም?» አለች ዘሀራ ጀበናዋን አስቀምጣ።

«ሐኪሞቹ ቤት ይሁን ብለው መለሱት።»

አየህ አንባቢ፣ ውሸት ስትዋሽ የሚቀጥለውን ጥያቄ አስበህ መሆን አለበት። ቤት ይሁን ተብሎ የተመለሰ በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ያገር ሰው የለም።

«ያ አላህ!» አለች ዘሀራ። «ወንድምህ ነፍሱ ጉሮሮው ላይ ሁና አንተ እዚህ ስኳር ታማስላለህ? ተነስ!»

«ቀስ ብዬ እሄዳለሁ...»

«ምን ቀስ አለው! ኸረ ተነስ፣ ወላሂ ብርጭቆውን እቀማሃለሁ!» እውነትም ቀማችኝ። ሙሳ ዱላውን ይዞ አስፋልቱ መሀል ቆመ። ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢ ጎማውን እያስጮኸ ቆመለት። ሽማግሌው ለሾፌሩ ነገሩን በአጭሩ ነገረው፣ ዘሀራ ዳቦና ውሃ በፌስታል ሰጠችኝ፤ እኔ ሦስት ቀን ላርፍባት ያቀድኳት ገዋኔ በመስታወት ውስጥ ወደ ኋላ ስትሸሽ አየኋት።

ሾፌሩ ሙሉጌታ ይባላል። «አይዞህ ወንድሜ» አለኝና ነዳጁን ረገጠው። «እኔ ለእናቴ አልደረስኩም። ጅቡቲ ጭነት እየጠበቅኩ ሳለሁ ነው ያረፈችው። አንተን ግን በእመብርሃን ስም አደርስሃለሁ።» ዓይኑ እንባ አዝሏል። ለዚህ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? የእናቱን ብድር በኔ ወንድም ሊከፍል ተነስቷል። ማስታወሻዬን አውጥቼ የመንገዱን ውበት ልጽፍ ሞከርኩ። ከዚያ ቀን ጽሑፌ የሚነበበው «በስተግራ ተራራ። አለፈ። በስተቀኝ ወንዝ መሰለኝ። አለፈ» የሚለው ብቻ ነው።

አዳይቱ ስንደርስ ሆዴን አመመኝ ብዬ አስቆምኩት። አንድ ጥላ ስር ተቀምጬ ሾፌሩ ሲሰለቸው ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰዎች መጡ። ወሬው በስልክ ቀድሞን ስለነበር ማንነቴን ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንት ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉና ትከሻዬን ያዙኝ።

«ለምን እንደምትዘገይ አውቃለሁ» አሉኝ። «ሞቶ አገኘዋለሁ ብለህ ፈርተህ ነው። እኔም ወንድሜ ሲታመም እንዲህ መንገድ ላይ ጥላ ለጥላ ስቀመጥ ነበር። ተነስ። ብትደርስም ባትደርስም ወንድም አለኝ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።»

እኔም አለቀስኩ። ለማስመሰል አይደለም፣ እንባው ራሱ መጣ። ሙሉጌታ አቅፎ ደግፎ ወደ መኪናው መለሰኝ። ሚሌን አለፍን፣ ሎግያን አለፍን። የአሥር ቀኑ ዝግ ያለ ጉዞ በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ ተጠናቀቀ። ሙሉጌታ አስፋልቱ ዳር አውርዶኝ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ ነዳ፤ መኪናው ወረፋ እንዳያመልጠው ነው እንጂ እስከ አልጋው እከተልህ ነበር አለኝ።

የቤቴ በራፍ ላይ ሃያ ሰው ተቀምጧል። ምንጣፍ ተነጥፏል። የግመል ወተት በማሰሮ ተደርድሯል። አንድ ፍየል በበሩ እጀታ ላይ ታስራ የቀለሙን ልጣጭ ትበላለች። እጄን አንስቼላቸው የማልፋቸው ጎረቤቶቼ በሙሉ አሉ። ከፊት ለፊቴ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ስማቸው ሐጂ ሁመድ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት፣ ተነስተው እጄን ሳሙ፣ እኔም ሳምኳቸው።

«ከረፋድ ጀምሮ አንኳኳን» አሉኝ። «አይከፍትም። ሲያቃስት ግን እንሰማው ነበር። እህ... እህ... እህ ይላል። በሩን እንስበረው ስንል ሴቶቹ ይደነግጣል ብለው ከለከሉን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከቀትር በኋላ ዝም ብሏል። ፈርተናል።»

በቤቴ ውስጥ የሚያቃስት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አሮጌው ቬንትሌተሬ። ስወጣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሳላጠፋው ሄጃለሁ። ሲመጣ ማቃሰት ጀምሯል፣ ቀትር ላይ መብራቱ እንደገና ሲሄድ ዝም ብሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተዋል፣ አንዷ ትንሰቀሰቃለች። ለኔ ቬንትሌተር።

«ግባና እየው» አሉኝ ሐጂ። «እኛ እዚህ ነን።»

ቁልፉን አዙሬ ገባሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። አልጋዬ ስሄድ እንደተውኩት ነው። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ዓመት በኖርኩበት ክፍል ከደጄ የሰው ድምፅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጡትም ለኔ አልነበረም። ሞቷል ልበል? ሬሳው የት አለ ይላሉ። ድኗል ልበል? ወተቱን ይጠጣ ይላሉ። እኔው ተከናንቤ ልተኛ ብዬ ብርድ ልብሱን እስከ መግፈፍ ደርሻለሁ። ይህን ሳስብ መብራት መጣና ቬንትሌተሩ «እህ...» አለ።

«አልሃምዱሊላህ!» ብሎ ሃያው ሰው በአንድ ድምፅ አመሰገነ። እልልታም ሰማሁ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። በሩን ከፈትኩ። «ወንድም የለኝም» አልኩ። «ማንም አልታመመም። ያለ ጉዳይ ነው የምሄደው ማለት አፍሬ ዋሸሁ። የሚያቃስተው ይኸው ነው» ብዬ ቬንትሌተሩን አሳየኋቸው። ሐጂ አማርኛ ለማያውቁት በአፋርኛ ተረጎሙላቸው። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ምንጣፉን ጠቀለሉ፣ ማሰሮውን አነሱ፣ ፍየሏን ፈቱ፤ አንድ በአንድ ሄዱ። ሐጂ ሁመድ ብቻ ቀሩ።

«በመጣህበት ተመለስና ለነገርካቸው ሁሉ እውነቱን ንገር» አሉኝ።

«ስልክ ብደውልስ?»

«ፊት ለፊት ተቀምጠህ የሰጠኸውን በስልክ ትወስዳለህ?»

«ባልሄድስ?»

«ማንም አይነካህም። ግን ከዛሬ ወዲያ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ብሎ የሚጠይቅህ አፋር አይኖርም።»

«ሐጂ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማን ጠየቀኝ?» አልኳቸው።

ሐጂ በጣም ተገረሙ። «እጅህን አንስተህ ታልፋለህ። ቆመህ ታውቃለህ?»

በማግስቱ ተነሳሁ። ስምንት ቀን ቀርቶኝ ነበር፣ ስምንቱም አልበቃኝም። ወሬውን የሰማው ሰው ሁሉ ቁጭ አድርጎ ይጠይቀኛል፤ ለማን ነገርክ፣ እሱ ለማን ነገረው፣ እነማን ዱዓ አደረጉ። ሎግያ ሁለት ቀን፣ ሚሌ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። አዳይቱ ላይ ፂማቸው ቀዩ አዛውንት እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ታዲያ ያን ቀን ያለቀስከው ለማን ነው?» አሉኝ። ሁለተኛም አልጠየቁኝም፣ ፍየል ጠብሰው አበሉኝ። ሙሉጌታን እስካሁን አላገኘሁትም። ሙሉጌታ፣ ይህ ጽሑፍ እጅህ ከገባ፣ ወንድም የለኝም። ይቅር በለኝ።

ገዋኔ ላይ ዘሀራ ነገሩን ስትሰማ ማማሰያዋን ወረወረችብኝ። «ዱዓዬን መልስ!» አለች። «ሰግጄ፣ አልቅሼ፣ ለራሴ ልጅ ያላደረግኩትን ዱዓ ነው ያደረግኩት! አሁን የት ሄዶ ነው ያረፈው?» ሻይ ግን ቀዳችልኝ፣ ያን ቀንም ብርጭቆውን አልቀማችኝም።

ሙሳ እንደበፊቱ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አዳመጠኝ። ስጨርስ አሰበና፣ «እንግዲህ ለሚመጣው ሰው ምን ብዬ ልንገር?» አለኝ። «ወንድሙ ታሟል ብዬ ነበር። እሱን ሳነሳ በቦታው ምን ላስቀምጥ?»

«ሰመራ የሚኖር አንድ ሰው አለ በል። ሰው የለውም በል።»

«በዓይኔ አይቻለሁ ልበል?»

«በል።»

ሙሳ ከራሴ እስከ እግሬ፣ ገበያ እንደወጣ ግመል አየኝ። «አይቻለሁ» አለ በመጨረሻ፤ ተነስቶም መንገዱን ጀመረ።

መምሪያውን አዘግይቼ ለአለቃዬ ሰጠሁት። «የዘገየሁት የመንገዱን ሥርዓት ተከትዬ ነው» ብለው አልገባውም። መግቢያው ላይ በዚህ መንገድ የሚሄድ እንግዳ ጉዳይህ ምንድን ነው ሲባል ቁጭ ብሎ እውነቱን ይናገር፣ ሌላ ዝግታ የለም ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዘውና የሆቴሎችን ዝርዝር ጻፈበት።

ሰመራ እንደ ድሮዋ ናት። አሁን ጠዋት ጠዋት ሐጂ ሁመድ ዘንድ እቆማለሁ፤ ይጠይቁኛል፣ የምነግራቸው ግን ጥቂት ነው። ቤቴ ስገባ ከቬንትሌተሩ ሌላ የሚናገር የለም። እንዲህ ሆኜ አንድ ወር አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው አንድ አቧራ የለበሰ፣ በዕድሜ የኔ እኩያ የሚሆን አፋር ቆሟል። አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም። ከታች፣ ከገዋኔም ወዲያ፣ በእግሩም በመኪናም ሲመጣ እንደሰነበተ ያስታውቃል። ሰላምታውን አንድ በአንድ ጨረሰና የቤቱን በር አጣርቶ ተመለከተ።

«ሰው የሌለው ሰውዬ ቤት ይሄ ነው?» አለኝ።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ነው» አልኩት። «ግባ።»